የብር ሽበት

በቋንቋችን «ብር» የሚለው ቃል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ይጠራል። አባቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ገንዘብ በእውነት ከብር የተሠራ ስለ ነበረ ስሙ ከማዕድኑ ወደ ገንዘቡ ተላለፈ፤ ዛሬ በኪሳችን በምንይዘው ወረቀት ላይ አንዲት የብር ቅንጣት ባትገኝም ስሙ ግን ጸንቶ ኖሯል። የጥንቱም እውነተኛ ብር ቢሆን ከቤታችን ፈጽሞ አልወጣም። በብዙ ቤት ከሣጥን ሥር፥ በጨርቅ ተቋጥሮ ወይም በቁርበት ከረጢት ተከቶ፥ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጥቂት ጠገራ ብር ይገኛል።

ይህ ብር ከተቀመጠበት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ቤተ ሰቡ በሚሰበሰብበት ቀን ነው፤ ወይ ልጅ ስትዳር፥ ወይ ውርስ ሲከፈል፥ ወይ ችግር ሲመጣና የሚሸጥ ነገር ሲፈለግ። ያን ጊዜ የሚታየው ግን ሰው በልቡ ይዞት የኖረው ነጭ ብር አይደለም፤ ጥቁር፥ ዳለቻ፥ አንዳንዱም ወርቅማና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ነው። የሚያየው ሁሉ «አዬ፥ ቆሽሿል!» ይላል። ወዲያውም ከቤቱ አንዱ ሎሚ ይቆርጣል፥ ሌላው አመድ ይዘግናል፥ የጥርስ ሳሙና የሚያመጣም አይጠፋም። ጥቂት ከታሸ በኋላ ብሩ ያብረቀርቃል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ይህች ጽሑፍ የተጻፈችው ያን እጅ ለጥቂት ጊዜ «ቆይ» ለማለት ነው።

አስቀድሞ ስለ ገንዘቡ ራሱ እንናገር። በአገራችን ጠገራ ብር የተባለው የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው የንግሥት ማርያ ትሬዛ መልክ የተቀረጸበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፥ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢሠራ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 ነው። ከቪየና ሌላ በለንደን፥ በፓሪስ፥ በሮማ፥ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር ተሠርቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። በአንድ ፊቱ ንግሥቲቱ ከነዐይነ ርግቧ፥ በትከሻዋም ላይ ዕንቁ የከበበው ጌጥ አድርጋ ትታያለች፤ በሌላው ፊቱ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። የቀደሙ ሰዎች ይህን ገንዘብ ሲቀበሉ የጌጡ ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን ይመረምሩ ነበር። እንግዲህ የብር ፊት እንደሚነበብ አያቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክም የራሳቸው መልክና ዘውድ የደፋ አንበሳ የተቀረጸበትን፥ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብር በፓሪስ አሠርተው አወጡ፤ ክብደቱም ከማርያ ትሬዛው ጋር ተመጣጣኝ ነበር። ሕዝቡ ግን የለመደውን ጠገራ ወዲያው አልተወምና ሁለቱ በገበያ ጎን ለጎን ኖሩ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሕግ ከታወጀ ወዲህ ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ፤ አያሌው ቀልጦ መስቀል፥ ድሪና አንባር ሆነ፤ የቀረውም በየሣጥኑ ተኛ። በሣጥን ተኝቶ ሳለ ግን ሥራ አልፈታም፤ በፊቱ ላይ አንድ ነገር በዝግታ ይሠራ ነበር።

ያ ነገር ምንድን ነው? ብዙ ሰው ዝገት ይመስለዋል። ብር ግን እንደ ብረት አይዝግም። ብረት በእርጥበትና በአየር ይዝጋል፤ ዝገቱም እየተላጠ ውስጡን ይበላዋል። ብር በተራ አየር ውስጥ እንዲህ አይሆንም። ለብር ጓደኛው ድኝ ነው። በአየር ውስጥ ከጢስ፥ ከሚበሰብስ ነገርና ከመሳሰለው የሚወጣ፥ የድኝ ዘር ያለበት ጋዝ በጥቂቱ አይጠፋም። ይህም ጋዝ የብሩን ገጽ ሲነካ ብሩና ድኙ ተዋሕደው አንድ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። በትምህርት ቤት ይህን ለተማሪዎቼ የማሳያቸው በቀላል ነገር ነው፤ ትኩስ የተቀቀለ ዕንቁላል ለሁለት ከፍዬ ከአንዲት የብር ቀለበት ጋር በጠርሙስ ውስጥ እዘጋዋለሁ። ብዙ ሳይቆይ ቀለበቲቱ ብጫ ትሆናለች፥ ከዚያም ትቀላለች፥ በመጨረሻም ትጠቁራለች። በዕንቁላሉ ውስጥ ያለው ድኝ በሣጥን ውስጥ በብዙ ዓመት የሚሆነውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሠራዋል።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ «ጥቁር ከሆነ ወርቅማውና ሰማያዊው ከየት መጣ?» የሚል ነው። መልሱ በሽፋኑ ውፍረት ላይ ነው። ሽፋኑ ገና ስስ ሳለ ከራስ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺኛውን እንኳ አይሞላም። ብርሃን ሲያርፍበት ከፊሉ ከሽፋኑ ከላይኛው ገጽ ይመለሳል፤ ከፊሉ ደግሞ ሽፋኑን አልፎ ከሥር ካለው ብር ይመለሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ቀለም ይበረታል፥ ሌላው ይጠፋል። በሳሙና አረፋ ላይና ዝናብ በመታው መንገድ ላይ በፈሰሰ ዘይት የምናየው ኅብረ ቀለም ከዚሁ የተነሣ ነው። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙም በሥርዐት ይለወጣል፤ መጀመሪያ ፈዛዛ ብጫ፥ ቀጥሎ ወርቅማ፥ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፥ ቀጥሎ ሰማያዊ፥ እያለ ይሄድና በብዙ ዘመን ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ወርቅማው ብር ወጣት፥ ጥቁሩ ሽማግሌ ነው ቢባል ብዙ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን የተቀመጠበት ቦታ ጢስ ወይም እርጥበት የበዛበት እንደ ሆነ ከዕድሜው ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል። የሰው ሽበትስ እንዲሁ አይደለምን?

ከዚህ ሁሉ ግን በልባችን ልንይዘው የሚገባን አንድ ቁጥር አለ። ያ ጥቁር ሽፋን ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ እድፍ አይደለም። በክብደት ቢመረመር ከመቶ 87 እጁ ራሱ ብር ነው፤ ድኙ 13 እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥቁሩን በአመድ ፈትጎ የሚያነሣ ሰው ከብሩ ፊት ብር እየላጠ ይጥላል። አንድ ጊዜ ቢሆን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በየሠርጉና በየበዓሉ ቢደጋገም የንግሥቲቱ ፀጉር፥ የአንበሳው ጋማ፥ የጽሕፈቱ ጠርዝ እየሳሳ ይሄዳል። አመዱና አሸዋው ደግሞ በየመታሸቱ ቀጭን ጭረት ይተዋሉ፤ ያ ጭረት ዳግመኛ አይጠፋም። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሰዎች ይህን ከብራና እናውቀዋለን፤ ብራና ጠቆረ ብሎ በውኃ የሚያጥብ የለም፥ ጥላሸቱ ሲሄድ ቀለሙ አብሮ ይሄዳልና።

ይህ ነገር በቤተ ሰባችን ውስጥ ለክርክር የቀረበበት ጊዜ ነበረ። አያታችን ካረፈች በኋላ ከረጢቷ ሲፈታ ሰባት ብር ተገኘ፤ አምስቱ ማርያ ትሬዛ፥ ሁለቱ የምኒልክ። ሲከፈል ለአክስቴ ሁለቱ የምኒልክ ብሮችና ሁለት ጠገራ ደረሷት። አክስቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የቤቷ ጣራ ያፈስስ ነበርና ክረምት ሳይገባ ልታስጠግነው ብሩን ለመሸጥ ቆረጠች። ወደ ገበያ ከምትሄድበት ቀን በፊት በነበረው ማታ የአጎቴ ልጅ ሎሚና አመድ አዘጋጅቶ ተቀመጠ። «እትዬ፥ ነገ ገዢ ሲያየው ዐይኑ ይሙላበት ብዬ ነው» አላት። ልቡ መልካም ነበር፤ የሚናገረውም ለብዙ ሰው እውነት የሚመስል ነገር ነው።

ከሁለቱ ጠገራዎች አንዱ ቀደም ሲል ለሙሽራ ጌጥ ተብሎ የተፈተገ ነበረ። እኔም ብዙ ክርክር አላበዛሁም፤ በነጭ ነጠላ ላይ የተፈተገውንና ያልተፈተገውን አጠገብ ለአጠገብ አኑሬ መብራቱን አቀረብሁላት። የተፈተገው ነጭ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቆርቆሮ ድርቅ ያለ ነጭ፥ በላዩም ጭረት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋበት። ያልተፈተገው ከጠርዙ ሰማያዊ፥ ወደ ውስጥ ወይን ጠጅ፥ በመካከሉ ወርቅማ ነው፤ ንግሥቲቱም ከዚያ ውስጥ ጎልታ ትታያለች። አክስቴ ሁለቱን አንሥታ ለብዙ ጊዜ ስታገላብጥ ቆየችና «ይህችኛዪቱስ ዐይነ ርግቧ የት ሄደ?» አለች። ከዚያም ወደ አጎቴ ልጅ ዞር ብላ «አመዱን ወደ ምድጃው መልሰው፥ ልጄ» አለችው።

በማግሥቱ አብሬያት ሄድሁ። መጀመሪያ የጠየቅነው አንጥረኛ አራቱንም በአንድነት በሚዛን ላይ አስቀመጣቸው፤ እርሱ የሚፈልገው ለማቅለጥ ስለ ነበረ የተፈተገውም ያልተፈተገውም ለእርሱ አንድ ነው፥ በዚህም ልንወቅሰው አንችልም። ቀጥለን የቀደመ ገንዘብ ወደሚሰበስብ ሰው ሄድን። እርሱ ሚዛን አላወጣም። እያንዳንዱን በጠርዙ ይዞ በመስኮቱ ብርሃን ዘንበል ቀና እያደረገ ተመለከተ። ለሁለቱ የምኒልክ ብሮች ከሚዛን ዋጋቸው እጅግ የሚበልጥ ሰጠ፤ የተፈተገውን ጠገራ ግን መልሶ «ይህ በግራም የሚሸጥ ነው» አለ። አክስቴ ጣራዋን ክረምት ሳይገባ ከደነች፤ ያልተፈተገውን ጠገራ ግን አልሸጠችውም።

ያ ሰው በመስኮቱ ብርሃን ይፈልገው የነበረው ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ልግለጽ። ገንዘብ በማተሚያ ሲመታ ብሩ በኃይል ተገፍቶ ከመካከል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ በፊቱም ላይ ዐይን ለይቶ የማያያቸው ረቂቅ መስመሮች ይቀራሉ። ብዙ እጅ ያልነካው ገንዘብ በብርሃን ሲዞር በላዩ አንድ ነጸብራቅ እንደ መንኰራኵር ሲዞር የሚታየው ከእነዚህ መስመሮች የተነሣ ነው። የዘመን ቀለም በላያቸው ሲያርፍ ነጸብራቁ ከሥር ያበራል፤ ፍትጊያ ግን መስመሮቹን ጠርጎ ያጠፋቸዋል፥ ከዚያ በኋላ ምንም ቢደረግ አይመለሱም። ስለዚህ ገንዘብ ሰብሳቢዎች የዘመኑን ቀለም የሚወዱት ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ «ይህን ብር ማንም አልፈተገውም» ብሎ የሚመሰክር ምስክር ስለሆነ ነው።

ይህም በእኛ አገር ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፥ ደግሞም በ1921 የተሠራ፥ ቅርጹን በሠራው በጆርጅ ሞርጋን ስም የሚጠራ የብር ዶላር አለ። ከዚህ ዶላር ብዙው ሺህ ሺህ እየሆነ በሸራ ከረጢት ታስሮ በመንግሥት ግምጃ ቤት ለአሥርት ዓመታት ተቀመጠ። በከረጢቱ መካከል የነበሩት ነጭ ሆነው ሲቀሩ፥ ከሸራው ጋር ተጠግተው የኖሩት ግን በኅብረ ቀለም ተሸፈኑ፤ በአንዳንዱም ላይ የሸራው የድርና የማግ አሠራር ሳይቀር ታትሞ ይታያል። ብሩ ማን አጠገብ እንደ ኖረ በፊቱ ላይ ተጽፎበት ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለውንም ዶላር ሰብሳቢዎች ከነጩ አስበልጠው የሚገዙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋጋ ባለበት ሁሉ ማታለል አይጠፋም። ሽበት መከበሩን ያየ ጎረምሳ ራሱን በአመድ ነጭ ቢያደርግ ምን ይባላል? ዛሬም ብርን በእሳት አሙቀው ወይም የድኝ ውሑድ ቀብተው በጥቂት ሰዓት «ያረጀ» የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። የሚለይበት መንገድ ግን አለ። ጊዜ የሠራው ቀለም ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ ጀምሮ ወደ መካከል ይገባል፤ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲያልፍ ድንበሩ አይታወቅም፤ ቅደም ተከተሉም ከላይ የጠቀስሁት ነው። በችኮላ የተሠራው ቀለም ሥርዐቱን ይዘላል፤ እዚህ ደማቅ ሰማያዊ፥ እዚያ ደማቅ ቀይ ሆኖ እንደ ተፋሰሰ ቀለም ይተኛል። ከቀለሙ ሥር ደግሞ የፍትጊያ ጭረት ከታየ፥ መጀመሪያ ተፈትጎ ኋላ የተቀባ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

እዚህ ላይ አንባቢን ከከንቱ ተስፋ መጠበቅ ደግሞ ግዴታዬ ነው። የጠቆረ ብር ሁሉ ሀብት አይደለም። ማርያ ትሬዛ በብዙ መቶ ሚሊዮን የተሠራ ገንዘብ ነው፤ በእጅ ብዛት ያለቀውን ጠገራ የዘመን ቀለም ቢያስውበውም ዋጋው ከብሩ ክብደት ብዙ አይርቅም። ቀለም ሁሉም ደግ አይደለም፤ እንደ ዱቄት ያለ አረንጓዴ ነገር ከታየበት በውስጡ ያለው መዳብ እየተበላ ነውና ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ያሻል። ደግሞም ሁሉ ነገር ሳይነካ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። በየቀኑ የምንበላበት ማንኪያ መጽዳት አለበት፤ በአገልግሎት ላይ ያለ የብር መስቀልም በለስላሳ ጨርቅ መወልወሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን መስቀሉም ከዚያው ከብር የተሠራ ነውና በአሸዋና በአመድ በተፈተገ ቁጥር የአንጥረኛው ሐረግና የሰጪው ስም እየደበዘዘ ይሄዳል። ለገንዘብ የሚነገረው ምክር ለእርሱም ይሠራል።

እንግዲህ በቤቱ የቀደመ ብር ያለው ሰው ምን ያድርግ? በጥቂቱ ልዘርዝር። ሲያነሣው በጠርዙ ይያዝ፤ የጣት ላብ በፊቱ ላይ አሻራ ትቶ ይቀራልና። ጭቃ ካለበት በንጹሕ ውኃ ሳያሽ አለቅልቆ፥ በለስላሳ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ እያደረገ ያድርቀው፤ ከዚያ አይለፍ። በላስቲክ አይሰረው፥ በሱፍ ጨርቅም አይጠቅልለው፤ ሁለቱም ድኝ አለባቸው። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክም ውሎ አድሮ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ስለሚተው ይራቅ። ከወጥ ቤት ጢስ፥ ከሽንኩርትና ከእርጥበት አርቆ፥ አንዱ ሌላውን እንዳይፍቀው ለየብቻው በደረቅ ስፍራ ያኑረው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። የብሩ ቀለም ብሩ ለብዙ ዘመን እንደ ቆየ ይናገራል፤ የማን እንደ ነበረ ግን አይናገርም። ለማን ጥሎሽ እንደ ተሰጠ፥ በየትኛው ክፉ ዘመን ሳይሸጥ እንደ ተረፈ፥ በሬ ተሸጦበት ይሁን ማር፥ ይህን የሚያውቁት እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው፤ እነርሱም ሲሄዱ ነገሩ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሎሚ ለመቁረጥ ቢላዋ ከምታነሣ ይልቅ ብዕር አንሣ፤ ከታላላቆችህ አጠገብ ተቀምጠህ ጠይቅ፤ የነገሩህንም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፈህ ከብሩ ጋር በሣጥኑ ውስጥ አኑር። ልጆችህ ሣጥኑን በከፈቱ ቀን ጥቁሩን ብር አይተው «ቆሽሿል» እንዳይሉ የሚያደርጋቸው ያ ጽሕፈት ነው።